ጠባብ ማለት ስንት ነው?

አዎ፣ ጃንጥላውን ውሃ ጉድጓድ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ከገበያው እስከ ድልድዩ ድረስ «ያ ሽማግሌ ከመሬት በታች ዝናብ መጣ ብሎ ጃንጥላ ዘረጋ» እያላችሁ የምትስቁ ሁሉ፣ ሳቃችሁን ጨርሱና ቁጭ በሉ። እኔም ቁጭ ብዬ ነው የምነግራችሁ። የተቀመጥኩት እዚያው ጉድጓዱ አፍ አጠገብ ነው። የሚያስነሳኝ ካለ ይምጣ።

ብዙ አልተማርኩም። ፊደል የቆጠርኩት አቦቦ፣ ጥጥ እርሻ ላይ፣ ከአንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሰውየው ሌላ አገር ተዛውሮ ስለሄደ «ቸ» ላይ ቆምን። የቀረውን መኪና ጀርባ ላይ የተጻፈውን እያነበብኩ ሞላሁት። ዕድሜዬን በሙሉ የሠራሁት ዓሣ ማስገር ነው። ስለዚህ ጽሑፌ እንደ መረብ ቀዳዳ በቀዳዳ ቢሆን አትደነቁ። መረብ ቀዳዳ ባይኖረው ጆንያ ነው።

ሰፈራችን ከከተማው ዳር፣ ማንጎዎቹ ከሚያልቁበት ወዲያ ነው። አንድ የእጅ ፓምፕ አለን። ቁልፉን የያዘችው አጁሉ ናት። አጁሉ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማንንም አትፈራም፣ ባሏ በሕይወት ሳለም አትፈራም ነበር። ውሃው የሚከፈተውና የሚዘጋው በእሷ ሰዓት ነው። ተራ የዘለለ ሰው ካለ፣ ፓስተርም ቢሆን፣ ጀሪካኑ ከሰልፉ ጫፍ ሄዶ ይቆማል።

አንድ ጠዋት ፓምፑ አየር ብቻ መትፋት ጀመረ። እጀታውን ስንጫነው እንደ አሮጊት ያቃስታል፣ ውሃ የለም። ለውሃው መሥሪያ ቤት ተነገረና ስንታየሁ መጣ። ስንታየሁ የደጋ ልጅ ነው፣ የውሃ ባለሙያ። ጥሩ ልጅ ነው። ጥሩ መሆኑን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስለምሰድበው ነው።

አሮጌውን ፓምፕ አወጣው። ዝገት ጨርሶታል፣ እጁ ላይ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። እንዲህ ዓይነቱ ቀጭን ፓምፕ አሁን እንደ ልብ አይገኝም አለና ይዞት የመጣውን አዲስ፣ ወፈር ያለ ፓምፕ በቱቦው ውስጥ አወረደ። ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። አወጣው፣ አዞረው፣ እንደገና አወረደው። እዚያው ቆመ። ላቡን ጠረገና ፍርዱን ሰጠ፦ የብረቱ ቱቦ ውስጡ ጠቧል፣ ፓምፑ አያልፍም፣ ፓምፕ የሌለው ጉድጓድ ደግሞ ክፍት አይተውም፣ ፍየልም ልጅም ይበላል። ስለዚህ ሐሙስ ሲሚንቶ ይዞ መጥቶ ይደፍነዋል። አዲስ ጉድጓድስ? ወረፋ ተይዟል። መቆፈሪያው ማሽን ኩሌ፣ ስደተኞቹ ካምፕ ነው፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ያለ ጉድጓዱ የቀረን ባሮ ነው። ባሮን በድልድይ ላይ የምታልፉት አታውቁትም፣ እኔ አውቀዋለሁ። ክረምት ሲገባ ውሃው ከመንገዱ ጭቃ አይለይም። አጁሉ በምትቀዳበት መታጠፊያ አንድ አዞ አለ። ባለፈው ክረምት ፓምፑ ለጥቂት ጊዜ ተበላሽቶ ሳለ ቢጫ ጀሪካኗን ከእጇ ነጥቆ ሄደ። ከወዲያ ማዶ ሆኜ አይቻለሁ። አኘከው፣ አገላበጠው፣ ተፋው። አልጣመውም። ጀሪካን ያልጣመው አዞ ቀጥሎ የሚቀምሰው ምን እንደሆነ ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ለዚህ ነው እንቢ ያልኩት። ይህ ቱቦ ሲተከል እዚህ ነበርኩ፣ አልጠበበም አልኩ። እጄን እስከ ብብቴ ድረስ ከትቼ አሳየሁት። ስንታየሁ ትከሻዬን በቀስታ ይዞ አወጣኝ።

«አባባ፣ አፉ እኮ ጠበበ አላልኩም። የሰው አፍ ሰፊ ሆኖ ጉሮሮው ሊጠብ ይችላል።»

«አንዳንዱ ሰው ደግሞ አፉ ሰፍቶ ጆሮው የጠበበ ነው» አልኩት።

ውስጡ ስንት እንደሆነ ለክቶ የሚናገር ሴንሰር አለ፣ እሱም ከማሽኑ ጋር ኩሌ ነው አለኝ። ሴንሰር ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። የሚነካና የነካውን የሚናገር ዕቃ ነው አለ። የሚነካና የሚናገር ከሆነማ አጁሉ አለችልን አልኩ። አጁሉ አጠገባችን ቆማ ነበር። እዚህ ላይ ነገሩን አሳጥረዋለሁ።

ግን ቃሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ዓሣ አስጋሪ ክሩን ሌባ ጣቱ ላይ አሳርፎ ነው የሚቀመጠው። ከታች ያለውን አያይም። ጣቱ ይነግረዋል፦ ይሄ ድንጋይ ነው፣ ይሄ ሣር ነው፣ ይሄ አምባዛ ነው፣ ጢሙን አስቀድሞ ያሻሻል። ዕድሜ ልኬን ከላይ ተቀምጬ ከታች ያለውን ስለካ ኖሬ፣ አሁን አንድ ቱቦ ያቅተኛል? ደገኞቹ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ይላሉ። እኔ ላሙ የዋለበትን አውቃለሁ።

በመጀመሪያ ቅል አመጣሁ። ጓሮዬ ቅል ሞልቷል፣ የፈለጋችሁት መጠን አለ። ከቱቦው አፍ ጋር ልክ የሆነውን መርጬ በዓሣ ክር አስሬ ለቀቅሁት። ሰው ተሰብስቧል። ክሩ ጣቴ ላይ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ ላላ። ወደ ታች አልሄድ አለ። ጣቴ ዋሽቶኝ አያውቅምና ልቤ እያዘነ፣ በገዛ አፌ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ እውነትም ጠቧል፣ ቅሉ እዚህ ጋ ተቀርቅሯል ብዬ አወጅሁ። ስንታየሁን ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ አስቤ ነበር።

አጁሉ ሰዉን ገፋ አድርጋ መጣች። ክሩን አየች፣ እኔን አየች።

«አንተ ሽማግሌ፣ ቅል መቼ ሰጥሞ ያውቃል?»

ውሃው ላይ ደርሶ ተንሳፍፎ ነው። መረቤ እንዳይሰጥም ዳር ዳሩን ቅል አስሬ የኖርኩ ሰውዬ፣ ቅል ውሃ ውስጥ አልገባ አለኝ ብዬ ጉድ አልኩ። ሰዉ በሳቅ ወደቀ። አንዱማ ሳቁ አላልቅ ብሎት ማንጎው ግንድ ላይ ተደገፈ፣ እስካሁንም ሲያየኝ ግንድ ይፈልጋል።

ይሳቅ። ግን ከሳቃችሁ መሃል አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቅሉ እስከ ውሃው ድረስ ወርዷል። ስለዚህ እስከ ውሃው ድረስ ቱቦው ደህና ነው፣ ነገሩ ያለው ከውሃው በታች ነው። እኔ ስሳሳት እንኳ እስከ ግማሽ መንገድ ትክክል ነኝ።

የቀረውን ግማሽ መንገድ ያበላሸው ጋትሉዋክ ነው። ጋትሉዋክ መንገዱ ዳር ስልክ የሚጠግን ሰው ነው። ግማሹ ዘመዱ ከድንበር ወዲያ ስለሆነ ወሬውም ዕቃውም ከወዲያ ይመጣለታል። እኔን «አንክል» ነው የሚለኝ። የቅሉን ታሪክ ሰምቶ ሱቁን ዘግቶ መጣና ጉድጓዱን ዞረው።

«አንክል፣ ቅል ሲስተም የለውም። እኛ ሲስተም ነው የሚያስፈልገን።»

ሲስተሙ ጃንጥላ ነው። ስሙኝ፣ ሞኝ ሐሳብ አይደለም። ጃንጥላ ሲታጠፍ ቀጭን ነው፣ በቱቦው ይገባል። ከታች ሲደርስ በሌላ ገመድ ስቦ መክፈት ነው። የጃንጥላው አጥንቶች የቱቦውን ግድግዳ እስኪነኩ ይከፈታሉ። የብረቱ ቱቦ ላይ አንድ ሽቦ፣ ጃንጥላው ላይ ሌላ ሽቦ፣ መሃል ላይ የሞተር ሳይክል ባትሪና የባጃጅ ክላክስ። አጥንቱ ብረቱን ሲነካ ክላክሱ ይጮኻል። ገመዱ ላይ ምልክት እናደርጋለን፣ እናወጣለን፣ ጃንጥላውን እዚያው ምልክት ድረስ ከፍተን ስፋቱን እንለካለን። የሚነካና የሚናገር። እኔ እንዲህ ያለ ብልሃት ሲነገረኝ ለመቃወም አልተፈጠርኩም።

ጃንጥላ ያላት አጁሉ ናት። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዛው የምትሄደው። ፀሐዩ በረታብኝ ብዬ ለመንኳት። ፀሐዩ በርትቶ ነበር። ጋምቤላ ውስጥ ፀሐይ ያልበረታበት ቀን ካለ አሳዩኝና ዋሽተሃል በሉኝ። ጋትሉዋክ ጨርቁን በምላጭ ፈታው። ሲስተሙ ጨርቅ አይወድም አለ።

እጀታውን ወደ ላይ አድርገን ለቀቅነው። ገና ከአፉ ሳይርቅ ክላክሱ ጮኸ። ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ይወዛወዛል፤ ሲወዛወዝ ግድግዳውን ይነካል፤ ሲነካ ይጮኻል። ወደ ግራ ብንለው ጮኸ፣ ወደ ቀኝ ብንለው ጮኸ። ጋትሉዋክ እየሠራ ነው ማለት ነው እያለ ይደሰታል። ሲናገር የማያቆም ሴንሰር ከማይናገር በምን እንደሚሻል አልገባኝም፣ ግን እንደጮኸ እስከ ታች አወረድነው።

ከሁሉ የባሰው ሰፈሩ ነው። እኛ ሰፈር እንዲህ አድርጎ ክላክስ የሚነፋ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የውሃ ቦቴ። ሴቶቹ ከየቤቱ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ሮጡ። ባልዲ የያዘ፣ ገንዳ የያዘ፣ አንዷማ ድስቷን ከነክዳኗ ይዛ መጣች። ሰልፉ ማንጎው ጥግ ደረሰ። ቦቴው የታለ ይላሉ። እኔና ጋትሉዋክ ጉድጓድ ላይ ተጎንብሰን ክላክስ እናስነፋለን። ደግነቱ ክላክሱ ስድቡን ይሸፍነው ነበር፤ ጋትሉዋክ ሽቦውን ሲነቅለው ግን ሁሉንም ሰማነው።

ከሰልፉ ፊት አጁሉ ቆማለች። የጃንጥላዋ ጨርቅ መሬት ላይ እንደ ሞተ ጥንብ አንሳ ተዘርግቷል። ምንም አላለችም። አጁሉ ምንም ካላለች መሸሽ ነው። እኔም ቶሎ ጃንጥላውን አውጥቼ ልሰጣት ብዬ ገመዱን ሳብሁ።

አልወጣም።

ጃንጥላው ታች ከደረሰ በኋላ የመክፈቻው ገመድ ተስቦ ተከፍቷል። አጥንቶቹ ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ከቱቦው መጋጠሚያ ሥር ገብተዋል። በሳብን ቁጥር ይነክሳሉ። መንጠቆ ማለት ይሄ ነው! መንጠቆ እየሸጥኩ፣ እየሳልኩ፣ እየዋጥኩም ማለት ይቻላል የኖርኩ ሰውዬ ሲገባ ጥሩ፣ ሲወጣ የሚነክስ ነገር በገዛ እጄ ጉድጓዳችን ጉሮሮ ውስጥ ተከልኩ። ጠባብ አይደለም ብዬ ልመሰክርለት የሄድኩትን ቱቦ ጭራሽ ዘጋሁት። በማግስቱ ሐሙስ ነው።

ስንታየሁ በፒክአፕ መጣ፣ ከኋላ ሲሚንቶና አሸዋ ጭኗል። ገመዱን አየ።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሴንሰር ነው።»

«የምን ሴንሰር?»

«ጃንጥላ።»

ልጁ ሸሚዙን አውልቆ መኪናው ላይ ሰቀለና ገመዱን ከእኛ ጋር ያዘ። ይሄን አልክድበትም፣ ትቶኝ መሄድ ይችል ነበር። ሦስታችን ሳብን። ከታች አንድ ነገር ተንጣጣ፣ እኛም በጀርባችን ወደቅን። ጃንጥላው ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ አጥንቶቹ ተሰባብረው፣ ጭቃና ዝገት ለብሶ ወጣ። እንደዚያ ያለ አስቀያሚ ዓሣ ይዤ አላውቅም።

ስንታየሁ አቧራውን አራግፎ ሲሚንቶውን ሊያወርድ ተነሳ። እኔ ደግሞ ሄጄ ቱቦው አፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቁጭ አልኩ። ምቹ አይደለም፣ ግን መቀመጫ ነው።

ተነሱ አለኝ። አልነሳም አልኩ። ጃንጥላው እንኳ ያልወጣበት ቱቦ ጠባብ መሆኑን አሁንም አላመኑም ወይ አለኝ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ እንድክድ ጠብቆ ነበር። አልካድኩም። ልክ ነህ ልጄ፣ ጠቧል አልኩት።

«ግን ጠባብ ማለት ስንት ነው?»

«እ?»

«ፓምፕህ ወፍራም ነው፣ ቱቦው ጠባብ ነው። ቀጭን ፓምፕ በዚህ ዓለም ላይ የለም?»

አለ አለኝ፣ ፍለጋ ቢጠይቅም። ግን ስንት ቀጭን? ቁጥር ከሌለው ማንም አያወጣለትም፣ የሚያስገኘው ሴንሰር ደግሞ ኩሌ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ የሚሞተው ጠቦ ሳይሆን ቁጥር አጥቶ ነው ማለት ነው አልኩ። ደንቡ ክፍት አይተውም ይላል አለኝ። ይሄው ተከድኗል፣ እኔ ተቀምጬበታለሁ አልኩት።

በዚህ ጊዜ አጁሉ ከሰዉ መሃል ወጣች።

«ስንታየሁ፣ ልጄ፣ አንተ ጠባብ ነው ብለህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። እኔ ጠባብ ነው ብዬ ወደ አዞው እሄዳለሁ።»

ልጁ አንገቱን ደፋ።

እሷ ግን መልስ አልጠበቀችም። ግራ ክንዷ ላይ ከአንጓዋ ጀምሮ እስከ ክርኗ በላይ ድረስ አምባር ደርድራለች። ጥንት የነበሩት እንደዚህ ነበር የሚያደርጉት፤ ታችኛው ጠባብ፣ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ሰፋ ሰፋ ይላል፣ እንደ ክንዱ አወፋፈር። የላይኛው ወፍራሙ የናስ አምባር የእናቷ ነው። ሳሙና አምጡ አለች። እዚያው ፊታችን ክንዷን በሳሙና አሽታ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ከታች ጀምራ አንድ በአንድ አወለቀቻቸው። የእናቷ ሲወጣ ከሥሩ ያለው ቆዳ እንደ ሕፃን ቆዳ ነበር። ፀሐይ አይቶት አያውቅም።

«በእነዚህ ለኩ» አለች። «ናስ ይሰጥማል፣ እንደ አንዳንድ ሰው ቅል አይደለም።»

ተነሳሁ። ለእሷ ነው የተነሳሁት፣ ለሲሚንቶው አይደለም። ስንታየሁና ጋትሉዋክ አምባሩን በአንድ ክር ሊያስሩት ሲሉ በጎኑ ተንጠልጥሎ እየተሽከረከረ ይሾልካል አለቻቸው፤ እንደ ሚዛን ሳህን ሦስት ቦታ አሰርነው፣ ከሥሩ መረብ የሚያሰጥመውን እርሳስ አንጠለጠልን። ጋትሉዋክ ባትሪውን ሊያመጣ ፈልጎ ነበር፣ አጁሉ አየችው፣ ተቀመጠ።

ክሩን ሌባ ጣቴ ላይ አሳረፍኩ። ትንሹ ወረደ፣ ውሃው ውስጥ ገባ፣ መጋጠሚያው ጋ ደረሰ፣ አለፈ። አወጣሁት። ቀጣዩ አለፈ። ከእሱ የሚሰፋው ጥግ ጥጉን እያሻሸ፣ እንደ አምባዛ ጢም፣ አለፈ። የእናቷ ቀረ። ስንታየሁ የመጨረሻው ያለፈው ይበቃል፣ ይሄን ተዉት፣ ቢጠፋስ አለ። አጁሉ የሚያልፈውን ብቻ ሳይሆን የማያልፈውንም ሳታውቁ ብትቀሩ ነገ ሌላ ወፍራም ታመጡልኛላችሁ አለችና ራሷ አስራ ሰጠችኝ።

ወረደ። ውሃው ውስጥ ገባ። መጋጠሚያው ጋ ቆመ። ቀስ አድርጌ ወደ ላይ ሳብ አደረግሁት። አልመጣም።

ሰው ሁሉ እጄን እያየ ነው። እጄ ሳብ ይለኛል። ትናንትና ሳብኩ፣ ምን እንዳመጣሁ አይታችኋል። የሰው እናት አምባር ደግሞ ጃንጥላ አይደለም፣ ሌላ አይገዛም። ድንጋይ ሥር የገባ ዓሣ ሲይዝህ የሚስብ ጀማሪ ነው፤ ክሩን ማላላት፣ እሱ ራሱ እስኪዞር መጠበቅ ነው። አላላሁት። አጁሉ አጠገቤ ቁጢጥ ብላለች፣ ባዶ ክንዷን በሌላው እጇ ይዛዋለች። ጣቴ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ተሰማኝ። ጋደል አለ። አሁን አልኩ ለራሴና ቀስ እያልኩ፣ እንቁላል እንደሚያወጣ ሰው፣ አመጣሁት።

ከእጄ ነጥቃ በቀሚሷ ጠረገችውና ክንዷ ላይ መለሰችው። አመሰግናለሁ አላለችም። የጃንጥላ ዕዳ አለብህ አለችኝ።

ስንታየሁ የውፍረት መለኪያ ካሊፐሩን አውጥቶ ያለፈውን አምባር ከውጭ እስከ ውጭ ለካ፣ ያላለፈውንም ክንዷ ላይ እንዳለ ለካ። ቱቦው በሁለቱ መካከል ነው፣ አሁን ቁጥር አለኝ አለ። ፓምፑን እጠይቃለሁ፣ ይመጣል ብዬ ግን አልምልም አለ። ባይምል ይሻላል፣ የማለልን ብዙ ነው። በምን ተለካ ቢሉኝ ምን ልበል ብሎ ጠየቀኝ። በአጁሉ ክንድ በል፣ ካላመኑ ይምጡና ክንዷን ይያዙ፣ የሚሆኑትን እናያለን አልኩት።

ሲሚንቶውን መልሶ ሊወስድ ሲል ግን እንቢ አልን። ለዚህ ጉድጓድ መጣ አይደል? ለዚህ ጉድጓድ ይሁን። ዙሪያው ያለው ወለል ተሰነጣጥቆ ውሃ ሲፈስ ጭቃ ይሆን ነበር። ስንታየሁ ራሱን እያከከ አቦካ፣ እኛ አሸዋ አቀበልን፣ ወለሉ ተለሰነ። ቱቦው አፍ ላይ የብረት ክዳን ገጥሞ የአጁሉን ቁልፍ ቆለፈበት። በቁልፍ የተዘጋ ነገር ይከፈታል፣ ልዩነቱ ይሄ ነው።

ፓምፑ እስካሁን አልመጣም። ጠዋት ጠዋት አጁሉ ወደ ባሮ ትወርዳለች፣ እኔም ጦሬን ይዤ አብሬያት እወርዳለሁ። እሷ ስትቀዳ ከእሷና ከመታጠፊያው መሃል ውሃው ውስጥ እቆማለሁ። ሽማግሌ አዞ ያስፈራል ወይ ትላላችሁ። አላውቅም፣ እሱን ጠይቁት። እኔ አላፈገፈግሁም።

ያን ዕለት ስንታየሁ ልስኑን ጨርሶ መሣሪያውን ሊያጥብ ዞር ሲል፣ ገና ባልደረቀው ሲሚንቶ ላይ ባዶ እግሬን አስገብቼ በደንብ ተጫንኩት። አባባ፣ ሥራዬን አበላሹብኝ ብሎ ጮኸ። አላበላሸሁም። አሁን ደርቋል፣ ዱካዬ ከነተረከዜ ስንጥቅ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይሄን ጉድጓድ ሊደፍን የሚመጣ ማንም ሰው፣ መጀመሪያ እሱን ይለካና በስንት ቁጥር እንደምቆም ይወቅ።